ዋጋውን ከማን ደበቃችሁት?

ስሙኝ፤ የምናገረው ለእናንተ ነው። ሱቅ ሳትከራዩ በስልካችሁ ለምትነግዱ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጫማ፣ የሕፃን ልብስ፣ የቤት ዕቃ ለምትሸጡ፣ ከፎቶው ሥር ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብላችሁ ለምታልፉ። 11 ዓመት እናንተን የመሰሉ ነጋዴዎችን ሒሳብ እየያዝሁ ኖሬአለሁ። ለሌላ ሰው ከምትሰጧቸው ሥራዎች አንዱ የእኔ ነው። ደረሰኛችሁን የሰበሰብሁ፣ ወራችሁን የዘጋሁ፣ ግብራችሁን ያሰላሁ እኔ ነኝ። የማውቀውን እያወቅሁ ዝም ያልሁበት ዘመን ይብቃ።

ከያዝሁት ደብተር አንድ ገጽ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ቀሚሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሸማኔው አንድ፣ ጥለቱ አንድ፣ የተለጠፈው ፎቶ አንድ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስት ሴቶች ተሸጠ። የመጀመሪያዋ በ9,500 ብር ወሰደች፤ ሁለተኛዋ በ12,000፤ ሦስተኛዋ በ21,000። በሦስተኛው መስመር ጥግ ላይ የንግዱ ባለቤት በእስክሪብቶ «ከውጭ» ብላ ጽፋለች። ሴትየዋ ሜሪላንድ ሆና ለታናሽ እኅቷ መልስ የሚሆን ቀሚስ ነበር የፈለገችው፤ ጥፋቷ የስልክ ቁጥሯ የአሜሪካ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ «የሸማኔ» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ በሦስቱም መስመር የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፤ 3,200። ገዢዋ በተለዋወጠች ቁጥር ዋጋው ሲዘል፣ ለእያንዳንዱ ቀሚስ ሳምንታት ጕድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ የወረወሩት ሰው ድርሻ ንቅንቅ አላለም።

እኚያ ሸማኔ አንድ ቀን ቀሪ ገንዘባቸውን ሊጠይቁ መጡ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ፒያሳ በእግራቸው ነው የወረዱት። ባለቤትየዋ አልነበረችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ያቺ ቀይ ጥለት ያላት በስንት ሄደች?» ብለው ጠየቁኝ። ገጹ ፊቴ ተገልጦ ነበር። ደብተሩን ገጠምሁት። «አባባ፣ እሱን እኔ አላውቅም፤ እሷን ይጠይቋት» አልኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ለዋሸኋቸው ውሸት አመስግነውኝ ሄዱ። ስለዚህ ተግሣጹ ከእኔ ይጀምራል፤ እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም የምናገራችሁ።

ያን ቀን ማታ የገባኝን ልንገራችሁ። እናንተ ዋጋ የደበቃችሁት ከገዢዋ ብቻ ይመስላችኋል። ቀሚሱ የሚሸጥበት ገንዘብ ከፎቶው ሥር በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ ሽማግሌው የልጃቸውን ስልክ አስከፍተው ያዩት ነበር። አይተውም «ከዚህ ውስጥ የእኔ ድካም ስንት ነው?» ብለው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ያቺ «በውስጥ መስመር» የምትል አጭር ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት በር ትዘጋለች፤ በአንዱ በር ገዢዋ ሌላዋ ስንት እንደከፈለች እንዳታይ፣ በሌላው ሠራተኛው ላቡ ስንት እንዳወጣ እንዳያውቅ። ቁልፉን ይዛችሁ በሁለቱ በሮች መካከል የቆማችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። የሰው ሐቅ የሚበላው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

ምክንያታችሁን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ዶላሩ አላስቀምጠን አለ» ትላላችሁ። እውነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጠዋት የጻፈውን ማታ ቢሰርዝ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በሰኔ ተሠርቶ፣ ክሩም ድካሙም በቀድሞው ዋጋ ተከፍሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቀሚስ በነሐሴ በእጥፍ ሲሸጥ አየሁ። ለሸማኔው የጨመረ ሰው አላየሁም። ጤፉ ለእሳቸውም ተወዷል እኮ! ዶላሩ ለእናንተ ሲጨምር ለእሳቸው ምን አቆመው? ደግሞስ ዋጋ በየቀኑ የሚለወጥ ከሆነ በየቀኑ ይጻፋል እንጂ መደበቅን ምን አመጣው? ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ አንድ ቁጥር መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ተፎካካሪ ያየዋል» ትላላችሁ። ተፎካካሪያችሁ በሌላ ስም ገብቶ፣ ገዢ መስሎ ጠይቆ ካወቀ ሰነበተ። የማያውቁት ገዢዋና ሠሪው ብቻ ናቸው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሰው «ስንት ነው?» እያለ በጻፈ ቁጥር ልጥፉ ለብዙ ዓይን እንደሚታይ ተምራችሁ፣ ለዚያ ብላችሁ ትደብቃላችሁ። የመቶ ሰው ጥያቄ ለገጻችሁ ማገዶ እንዲሆን መልስ ትነፍጋላችሁ። ከእነዚያ ጠያቂዎች አንዷ የወር ደመወዟን ይዛ፣ ይበቃት እንደሆን ለማወቅ ብቻ የጠየቀች እናት ናት።

«መርካቶም ድርድር አለ፤ አባቶቻችን ተከራክረው ነው የነገዱት» የሚለው ግን በደንብ ሊመለስለት ይገባል፤ ቅን የሆኑትም ያምኑታልና። መርካቶ የሚከራከር ሰው ዕቃው እጁ ላይ ነው። ይዳብሰዋል፤ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየዋል። ከጎኑ ያለው ሰው ስንት እንደተባለ ይሰማል። ካልተስማማው ፊቱን ያዞራል፤ ሦስት እርምጃ ሳይራመድ «ና እስቲ፣ ና ተመለስ» ይባላል። ባይባልም ያው ዕቃ ከሚቀጥለው ሱቅ አለ። ሻጩ ገዢውን ያየዋል፤ ገዢውም ሻጩን ያየዋል። እናንተ ዘንድ የመጣችው ሴት ምን አላት? ያላት ፎቶ ብቻ ነው። ከጎኗ ማን እንደቆመ አታይም፤ ሌላዋ ምን እንደተባለች አትሰማም። እናንተ ግን መልኳን፣ የምትኖርበትን አገር፣ ባለፈው ወር የለጠፈችውን የልጇን ልደት፣ የቆመችበትን መኪና ሳይቀር መርምራችሁ ነው ዋጋ የምትጠሩት። ይህን ድርድር ብላችሁ አባቶችን አትስደቡ። በከረጢቱ ትልቅና ትንሽ የሚዛን ድንጋይ የሚይዝ ነጋዴ ከኦሪት ጀምሮ የተወገዘ ነው። ከእናንተ መካከል ሙስሊም የሆናችሁም፣ የቁርአን 83ኛው ምዕራፍ ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን እንዴት እንደሚገሥጽ ታውቃላችሁ። ከሜሪላንዷ ሴት ሞልታችሁ ተቀበላችሁ፤ ለሽሮ ሜዳው ሽማግሌ አጉድላችሁ ሰፈራችሁ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያን ነጋዴዎች ነበሩ። ሊሸጥ ከታሰበበት በላይ ዋጋ መጥራት ሐሰት መናገር ነው ብለው ስላመኑ ለሁሉም አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ጀመር። መጀመሪያ ሰው ሸሻቸው፤ ገበያቸው ቀዘቀዘ። ኋላ ግን ልጅ እንኳ ተልኮ ሳይታለል የሚመለስበት ሱቅ የእነርሱ መሆኑ ሲታወቅ ንግዳቸው ሰፋ። ልጅ ልኮ መግዛት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰፈር ሱቅ ልጃችንን ሃምሳ ብር አስይዘን የምንልከው ባለሱቁ ለእሱም ለእኛም አንድ ዋጋ ስለሚናገር ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ወደ እናንተ ገጽ ልጁን የሚልክ አባት ይገኛል?

ሕጉንም አላወቅንም አትበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያኖር አዘዘ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና ሙሉ ዋጋውን ለገዢው እንዲያሳውቅ ደነገገ። ይህን ያነሣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ቴሌግራማችሁን ገልጦ እንደማያይ ታውቃላችሁ፤ የደፈራችሁትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሠራተኞቻችሁ እመጣለሁ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ሥራን ለሌላ ሰው ማካፈል ኃጢአት የለበትም። አንድ ሰው ሸምኖ፣ ጠልፎ፣ ሰፍቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ መልእክት መልሶ፣ ዕቃ አድርሶ፣ ሒሳብ ይዞ አይችለውም። ሥራውን ብትከፋፍሉት ስንት ቤት እንጀራ ይገባ ነበር። እናንተ ግን ሥራውን ስታካፍሉ ኪሳራውን ጨምራችሁ ታካፍላላችሁ፤ ትርፉን ለብቻችሁ ታስቀራላችሁ። ጠላፊዋን «አሁን ውሰጅና ሥሪ፣ ሲሸጥ ትወስጃለሽ» ትሏታላችሁ። ስንት እንደምትወስድ አይነገራትም፤ መቼ እንደምትወስድም አይነገራትም። ገዢ ልኬቱ አልሆነኝም ብላ ከመለሰች፣ ልኬቱን በስህተት የጻፋችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ከሰፊው ላይ ትቆርጣላችሁ። ሁዳዴን 55 ቀን ትጾማላችሁ፤ በዚያው ጾም ለፋሲካ ገበያ ብላችሁ ጠላፊዋን ሌሊት ሌሊት ታሠራላችሁ፤ በዓሉ ሲደርስ «ገበያው አልወጣም፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነይ» ትሏታላችሁ። የቀን ሠራተኛን ዋጋ ማሳደር በኦሪት የተከለከለ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ሰምታችኋል። እናንተ ያሳደራችሁት አንድ ሌሊት አይደለም። በያዝሁት ደብተር ላይ «የሚከፈል» ተብሎ ሰባት ወር የቆየ የጠላፊ ገንዘብ ከወር ወደ ወር ያሻገርሁት በዚህ እጄ ነው።

ሞተረኛውን ተመልከቱ። ዕቃ ጭኖ ከሰሚት እስከ አየር ጤና ይሄዳል። ገዢዋ በሩ ላይ ወጥታ ስትከፍል ከተነገራት በላይ ትጠየቃለች፤ የማድረሻውን ዋጋ ቀድማችሁ አልነገራችኋትምና። የሸሸጋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሌባ ተብሎ የሚሰደበው እሱ ነው። «አልቀበልም፣ መልስ» ትለዋለች። ዕቃውን ይዞ ሲመለስ «ሳይሸጥ ምን ብዬ ልክፈልህ?» ትሉታላችሁ። ነዳጁን ማን ይተካለት? የደበቃችሁት ዋጋ ገዢዋ በር ላይ ፈንድቶ የሚያቆስለው እሱን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መልእክት በምትመልሰው ልጅ ላይ ያደረጋችሁት ነው። 20 ወይም 21 ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ አጥታ ቆይታ ወደ እናንተ መጣች። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት በሁለት ስልክ ሰው ታናግራለች። የመጀመሪያው ቀን ያስተማራችኋት ምንድን ነው? «መጀመሪያ ፕሮፋይሏን እዪ። ከውጭ ከሆነች ከዚህ ጀምሪ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከመሰለችሽ ከዚህ። ከዚህ በላይ ካስገባሽ ከጭማሪው ለአንቺም አለሽ።» ደሞዟን በውሸቷ ልክ ሰፋችሁት። ገዢዋ ነቅታ ስትጮህ ደግሞ «አዲስ ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» ትላላችሁ። ሥራችሁን ብቻ መስሎኝ ነበር ለሌላ የሰጣችሁት፤ ለካ ኃጢአታችሁንም በኮሚሽን ታሠራላችሁ። አንዲት እንዲህ ያለች ልጅ አንድ ማታ ቢሮ ዘግተን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ትናንት 18,000 ያስገባሁባት ሴትዮ ለካ የጓደኛዬ እናት ናት። ፎቶው የልጅ ልጃቸው ስለሆነ አላወቅኋቸውም» አለችኝ። «ካወቅሽ በኋላስ?» አልኋት። «ብነግራቸው ሥራዬን አጣለሁ፤ ዛሬ ቤታቸው ቡና ጠርተውኛል» አለች። ያን ቡና እንዴት እንደምትጠጣው አስቡት። ያቺን ልጅ ወልዳ ያሳደገች እናት ወደ እናንተ የላከቻት እንጀራ እንድታገኝ ነበር።

እንግዲህ ንስሐ ግቡ። ንስሐ ስላችሁ በሰንበት አልቅሳችሁ ሰኞ «በውስጥ መስመር» ወደ መጻፍ መመለሳችሁን አልቀበልም። የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ንስሐ አባቱ ዘንድ ቢቀርብ መጀመሪያ «መልስ» ነው የሚባለው፤ ተውበት የሚያደርገውም የሰው ሐቅ ሳይመልስ ተውበቱ አይሞላለትም። የኢያሪኮው ቀራጭ ዘኬዎስ ሾላ ዛፍ ላይ መውጣቱን ልጆቻችን ሳይቀሩ ይተርኩታል። ከዛፉ ወርዶ ያለውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ አታሎ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገባ። እኔ አራት እጥፍ አልጠየቅኋችሁም። አንዱን እጥፍ፣ የራሳቸውን፣ መልሱ።

ማን ምን ያህል እንዳለበት አላስታውስም የሚል ሰው አይኑር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በባንክ፣ የተቀበላችሁትና የላካችሁት ዱካ አለው። ስልካችሁን ክፈቱ፤ ባንካችሁን የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ፤ እኔን ከመሰለች ሒሳብ ያዥ ጋር ተቀመጡ። በአንድ ወገን እያንዳንዱ ዕቃ የተሸጠበትን፣ በሌላው ወገን ለሠሪው የተከፈለውን ጻፉ። በዕዳ የተላለፈውን ለዩ፤ እሱ ሳይውል ሳያድር ይከፈል። ከሌሎቹ በላይ ለከፈለችው ሴት ጻፉላት፤ እውነቱን ንገሩና ልዩነቱን ላኩላት። አንዳንዷ ትሰድባችኋለች። ስድቡ ይገባችኋል፤ ተቀበሉት።

ከዚያ ፎቶዎቹ ላይ ዋጋ ጻፉ፤ ማድረሻውንም ለየሰፈሩ ጻፉ። አዲስ አበባ ላለችው፣ ዱባይ ላለችው፣ ቴላቪቭ ላለችው የቀሚሱ ዋጋ አንድ ይሁን፤ የሚለየው የመላኪያው ብቻ ነው፤ እሱም ለብቻው ይጻፍ። ለጠላፊዋ፣ ለሰፊው፣ ለሞተረኛው ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር በወረቀት ስጡ፤ ስንት እንደሚከፈል፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ዕቃው ቢመለስ ኪሳራው የማን እንደሆነ። መልእክት ለምትመልሰው ልጅ የወር ደሞዝ ቁረጡላት፤ ከጭማሪው የምትሏትን ነገር ተዉ። ትርፋችሁ ይቀንሳል፤ አውቃለሁ፣ ደምሬዋለሁ። ከእናንተ ሁለት ሦስቱ በዚህ መንገድ መቀጠል አይችሉም። ሌላውን ሳይበላ መኖር ያልቻለ ንግድ ይዘጋ።

እኔም ሄጃለሁ። ሽማግሌውን ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ጕድጓዱ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባባ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ፤ ቀሚሷ በ21,000 ነው የሄደችው» አልኋቸው። መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ለማን ነበር?» አሉኝ። አሜሪካ ላለች ሴት፣ ለእኅቷ መልስ መሆኑን ነገርኋቸው። «ልክ ሆነላት ወይ?» አሉ። በያዝሁት ደብተር ሁሉ ላይ ያ አልተጻፈም ነበር። ይቅር በሉኝ ብዬ ከእግራቸው ሥር ስንበረከክ ክንዴን ይዘው አነሡኝ፤ የሚሠሩትን ጥለት ጫፍ እያሳዩ የተሳሳተ ክር እስኪያወጡ አስጠበቁኝ።

ቀሪ ገንዘባቸው 1,400 ብር ነው። ከኪሴ ልሰጣቸው ስል «የእሷን ዕዳ አንቺ አትክፈይ፤ እሷ ትምጣ» ብለው መለሱልኝ። አንቺ የደብተሩ ባለቤት፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ እኔ ነኝ፤ ገጹን ታውቂዋለሽ፤ «ከውጭ» ብለሽ የጻፍሽው በራስሽ እጅ ነው። ቤታቸው አልተለወጠም። ጠዋት ጠዋት ይገኛሉ።